ኩርፊያ ክርክር አይደለም

«አንድነት! አንድነት!» ይባላል። መልካም። ግን ወገኖቼ፣ የማን አንድነት? በማንስ ገበታ ዙሪያ?

የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጠብ በተነሣ ቁጥር ሁለት ድምፅ እንሰማለን። አንደኛው «ዝም እንበል፣ ቤቱ እንዳይፈርስ» ይላል። ሁለተኛው «ቤቱ ፈርሷል፣ ቤቱ እኛ ነን» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል!

እስቲ ወደ ኋላ እንመልከት (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጳጳሳቱ በ1867 ለመጀመሪያ ጊዜ ላምቤዝ ላይ የተሰበሰቡት ተስማምተው መሰላችሁ? የለም! የናታሉ ጳጳስ ኮለንሶ «ኦሪት ቃል በቃል ታሪክ አይደለም፤ ብዙ ሚስት ያለው ሰውም ሚስቶቹን ፈትቶ ካልመጣ አይጠመቅም አትበሉ» በማለቱ አገር ስለ ታመሰ ነው። የተገኙት 76 ጳጳሳት ነበሩ። የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ እንኳ አልመጣም። እንግዲህ የዚህ ጉባኤ እናቱ ጠብ ናት። ታዲያ ዛሬ ጠብን እንደ አዲስ በሽታ መፍራት ምን ይሉታል?

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረቱ። ይነቅዛል እንጂ! በ1998 ጉባኤው ጋብቻ የወንድና የሴት ነው ብሎ ወሰነ። በ2003 የአሜሪካዋ ቤተ ክርስቲያን ከወንድ ጋር በግልጽ የሚኖረውን ጂን ሮቢንሰንን ጳጳስ አድርጋ ሾመች። ከዚያ ወዲህ ኮሚቴ በኮሚቴ ላይ፣ ሰነድ በሰነድ ላይ ተደራረበ፤ ቁርጡን የሚናገር ግን ጠፋ። የካንተርበሪን ሊቀ ጳጳስ ከሚመርጡት 17 ድምፅ ሰጪዎች ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉት 5 ብቻ ናቸው። ናይጄሪያና ኡጋንዳ በሚሊዮን የሚቆጠር ምእመን ይዘው! ይህ አንድነት ነው ወይስ የቤት ጌታና የእንግዳ ነገር?

በሌላ በኩል ያሉትስ? የናይጄሪያ፣ የኡጋንዳና የሩዋንዳ ጳጳሳት በ2008ም በ2022ም ከላምቤዝ ቀሩ። በጥቅምት 2025 ሣራ ሙላሊ የመጀመሪያዋ ሴት የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆና በተሰየመች በሳምንታት ውስጥ ጋፍኮን የተባለው ማኅበራቸው «እውነተኛው ኅብረት እኛ ነን» አለ። እንዴ! ያኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል። በሌለህበት ስለሚወሰነው ነገር ማንን ትከሳለህ?

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። የጋምቤላ አንግሊካኖች ከ2020 ጀምሮ በእስክንድርያ አውራጃ ሥር ናቸው። ለንደንና አቡጃ ሲኳረፉ «አንተ የማን ነህ?» የሚባለው የባሮ ዳር ምእመን ነው።

የምለው አጭር ነው፤ ወንበሩ ይስፋ፣ ድምፁ ይቆጠር፣ ክርክሩም ፊት ለፊት ይሁን። የተሸነፈም ቁጭ ብሎ ይሸነፍ!