ጌማችሁን ሲ ድራይቭ ላይ አትተዉት

ፒሲ ላይ ጌም የምትጫወቱ ወገኖች፣ ዛሬ ስለ ግራፊክስ ካርድም ስለ አዲስ ጌምም አይደለም የማወራው። ማንም ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው ነገር ነው፦ ጌሙ ስለሚቀመጥበት ፎልደር።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጌሙ የት እንደሚቀመጥ መወሰን ያለበት ባለቤቱ ነው እንጂ ሶፍትዌሩ አይደለም። በተለይ እኛ አገር!

ስቲምን እንውሰድ። ስትጭኑት ዝም ካላችሁት ሲ ድራይቭ ውስጥ፣ ፕሮግራም ፋይልስ ስር ይገባል፤ ጌሞቹንም እዚያው ጉያው ውስጥ ያከማቻል። ሲ ደግሞ ዊንዶውስ ያለበት ነው። ታዲያ እኛ ጋ ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ወይም ቫይረስ ሲገባው መድኃኒቱ ምንድን ነው? "ፎርማት ይደረግ!" ሲ ይጸዳል፣ ጌሙም አብሮ ይሄዳል። ሌላም አለ፤ "ስቲም አስቸገረኝ፣ አጥፍቼ ልጫነው" ብላችሁ አንኢንስቶል ስታደርጉት፣ በዋናው ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ጌሞችም ይዞ ነው የሚጠፋው።

"ድጋሚ ዳውንሎድ ማድረግ ነዋ!" የሚል አይጠፋም። እስቲ እናስላው። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 እና ባልደርስ ጌት 3 እያንዳንዳቸው 150 ጊጋ ቦታ ይጠይቃሉ። ይህን ያህል ዳታ በ10 ሜጋቢት ኢንተርኔት ለማውረድ፣ መብራትም ኔትወርክም ለአንዲት ደቂቃ ሳይቋረጥ፣ ከ33 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በሞባይል ዳታ ከሆነማ ብሩን እናንተው አስሉት። ያንኑ 150 ጊጋ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ከሚገለብጥ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ለመመለስ ግን 25 ደቂቃ ይበቃል። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ስቲም ከመዝገብ ያዥ ብዙም አይለይም። "ስቲምአፕስ" የሚባል ፎልደር አለው። በውስጡ "ኮመን" በሚለው ፎልደር ጌሞቹ ይቀመጣሉ፤ ከእሱ ውጪ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጌም "አፕማኒፌስት" የምትባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለች። እሷ ናት "ይህ ጌም እዚህ አለ" ብላ የምትመሰክረው። ሁለቱ አብረው እስካሉ ድረስ ጌሙ የትኛውም ዲስክ ላይ ቢሆን ችግር የለውም።

ስለዚህ ሴቲንግስ ውስጥ "ስቶሬጅ" የሚለውን ክፈቱና ዲ ድራይቭን ጨምሩ። ሲ ላይ ያሉትን ጌሞች መርጣችሁ "ሙቭ" በሉ፤ ራሱ ያዛውረዋል። በእጃችሁ ከፎልደር ፎልደር አትጎትቱ። ነገ ዊንዶውስ ቢቀየር፣ ስቲምን አዲስ ጭናችሁ ያንኑ ዲ ድራይቭ እንደገና ማሳየት ብቻ ነው፤ ጌሞቹ ተመልሰው ይመጣሉ። የጌሙ ፎልደር ብቻ ኖሮ አፕማኒፌስቷ ብትጠፋ እንኳ፣ ፎልደሩን "ኮመን" ውስጥ አድርጋችሁ "ኢንስቶል" ስትሉት ያለውን ፈትሾ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ጓደኛችሁም ያንኑ ጌም ከገዛ ከእሱ ገልብጣችሁ በዚሁ መንገድ መጫን ትችላላችሁ።

"ላፕቶፔ አንድ ኤስኤስዲ ብቻ ነው ያለው" ለምትሉ፣ ለሁለት ክፈሉት። ዲ ያው የዚያው ኤስኤስዲ ክፋይ ስለሆነ ፍጥነቱ አይቀንስም፤ ባለሙያው ሲን ብቻ ፎርማት ሲያደርግ ዲ ይተርፋል። ላፕቶፑን ስትሰጡት ግን "ዲን እንዳትነካ" ብላችሁ አስጠንቅቁት። ዲስኩ ራሱ ቢሞት ይህ ክፍፍል አያድናችሁም፤ ኤክስተርናል ላይ ቅጂ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ኤክስተርናሉ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል ስለማይቀበል ወደ ኤንቲኤፍኤስ ቀይሩት፤ ፎርማት ተደርጎ ሲቀየር በላዩ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ግን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም አንድ ነገር ሊያመልጣችሁ ይችላል፦ ሴቭ። የብዙ ጌሞች ሴቭ ከጌሙ ጋር አይቀመጥም፤ ዶክመንትስ ወይም አፕዳታ ውስጥ፣ ማለትም ሲ ላይ ነው። የስቲም ክላውድ የሚያስቀምጥላችሁ አለ፣ የማያስቀምጥም አለ። ጌሙን መልሳችሁ ማውረድ ትችላላችሁ፤ የ80 ሰዓት ጉዟችሁን ግን ከየትም አታወርዱትም። ፎርማት ከመደረጉ በፊት ሁለቱን ፎልደሮች ገልብጡ።

አሁን ወደ ሶፍትዌር ሠሪዎቹ። ሁሉም ሰው ፈጣንና ርካሽ ኢንተርኔት ያለው ይመስል ነው የሚሠሩት። ለእነሱ የጠፋ ጌም ሻይ እስኪፈላ ይመለሳል፤ ለእኛ ግን የሳምንት ዳታ ነው። መጀመሪያ ሲጫን "ይህ ድራይቭ ዊንዶውስ ያለበት ነው፤ ፎርማት ከተደረገ ጌሞችህ ይጠፋሉ፤ ሌላ ቦታ ላድርገው?" ብሎ መጠየቅ ምን ያቅተዋል? አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። መሣሪያው በእጃቸው እያለ ሴቲንግስ ውስጥ መደበቃቸው ነው የሚያናድደኝ።

እስኪጠይቁን ግን አንጠብቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ዛሬ ማታ ጌም ከመክፈታችሁ በፊት "ስቶሬጅ" የሚለውን ከፍታችሁ ጌሞቻችሁ የት እንዳሉ እዩ። ላፕቶፑን ፎርማት ሊያስደርግ የተዘጋጀ ጓደኛ ካላችሁም ዛሬውኑ ንገሩት።