ባለሙያው ይቅደም፣ አውቶቡሱ ይደርሳል

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአሜሪካ የቢጫ ተማሪ አውቶቡስ ፎቶ ልኮ «ቲቸር፣ ይሄ በፕሮፔን ነው የሚሄደው፤ ለቢቸናና ለሞጣ ልጆች እንዲህ ዓይነት ነበር የሚያስፈልገው» አለኝ። ምኞቱ ደስ ይላል። ልጆቻችን ከገጠር ስንቅ ተሸክመው መጥተው፣ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። ቀረብ ያለው ደግሞ በእግሩ ይመላለሳል።

ግን ማን ይጠግነዋል? ፕሮፔን እኮ በሲሊንደር እየገዛን የምናበስልበት ጋዝ ዓይነት ነው። ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ መሬት ለመሬት ሄዶ መካኒኩ ከመኪና ስር የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። እዚያው አጠገብ ብየዳ ያለበትን ጋራዣችንን አስቡት!

«መኪናው ይምጣ እንጂ ባለሙያ አይጠፋም» የምትሉኝ፣ አልስማማም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሎ ኤሌክትሪክ ብሎናል። ጥሩ፤ ጋዙም ቤንዚኑም በዶላር ነው የሚገባው፣ መብራቱ ግን ከራሳችን ወንዝ ነው። ታዲያ የኤሌክትሪክ መኪና ሲቆም የሚያስነሳ ልጅ እዚህ ስንት አለን? አውቶሞቲቭ የተመረቀ አንድ ተማሪዬ፣ እስኪመረቅ የነካው የማይነሳ አንድ አሮጌ ሞተር ብቻ እንደሆነ ነግሮኛል።

ጋዝም ሆነ ኤሌክትሪክ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ ከየከተማው አራት አምስት ልጅ መርጦ በሚሠራ መኪና ላይ ማሠልጠን፣ መሣሪያና መለዋወጫ ማሟላት፣ ከዚያ አውቶቡስ። አለበለዚያ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፤ በዓመቱ ጎማው ተንፍሶ ዶሮ ያድርበታል። ልጁም በእግሩ ይቀጥላል።