ያጌጠው ሙስሐፍና የእናቶች ወቅፍ



ባለፉት ዘመናት ስለነበሩ ሙስሊም ሴቶች ሲወሳ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ትዕግሥታቸው፣ ስለ ልጅ አስተዳደጋቸውና ስለ ቤት አያያዛቸው ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ምንዳውም አላህ ዘንድ አይጠፋም። በገዛ ገንዘባቸው ምን እንደሠሩ የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ሴቶች በወርቅና በቀለም አስጊጠው ለመስጂድና ለመድረሳ ወቅፍ ስላደረጓቸው የቁርአን ጽሑፎች እንወያያለን። ጉዳዩ የጥንት ታሪክ ብቻ መስሎ እንዳይታየን። በየቤታችን ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን አሮጌ ሙስሐፍ የሚመለከት የአማና ጉዳይ ነውና በጥሞና እንከታተለው።

የወቅፍ መሠረትና እናታችን ሐፍሳ

ወቅፍ ማለት የአንድን ንብረት ዋና አካል አግዶ ጥቅሙን ለአላህ ብሎ መልቀቅ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በኸይበር መሬት ባገኙ ጊዜ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀርበው ምን ቢያደርጉበት እንደሚሻል ጠየቁ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ዋናውን አግደው ፍሬውን ሰደቃ እንዲያደርጉት መከሯቸው። በዚህም መሠረት ያ መሬት የማይሸጥ፣ ለማንም በስጦታ የማይተላለፍና የማይወረስ ሆነ። ይህ ሐዲስ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል።

ብዙዎቻችን የማናስተውለው አንድ ነጥብ ግን አለ። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ዑመር ይህን ወቅፍ እንዲያስተዳድሩ በኑዛዜ ያዘዙት ልጃቸውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት ሐፍሳን (ረ.ዐ.) ነው። እኒሁ እናታችን የሌላም ታላቅ አማና ጠባቂ ነበሩ። በአቡበክር (ረ.ዐ.) ዘመን ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ.) የሰበሰቡት የቁርአን ጽሑፍ ከአቡበክር ወደ ዑመር፣ ከዑመር ወደ ሐፍሳ ተላልፎ ነበር። ዑስማን (ረ.ዐ.) ሙስሐፎችን አስገልብጠው ወደየአገሩ ለመላክ በፈለጉ ጊዜ ጽሑፉን ያገኙት ከሐፍሳ እጅ ነው፤ ከተገለበጠም በኋላ መልሰውላቸዋል። እንግዲህ ገና በመጀመሪያው ትውልድ የወቅፍ አማናና የሙስሐፍ አማና በአንዲት ሴት እጅ ተገናኝተው እናገኛቸዋለን።

ከዚህም ጋር ሰው ከሞተ በኋላ ምንዳቸው ከሚደርሱት ሥራዎች መካከል ትቶት ያለፈው ሙስሐፍ እንደሚገኝበት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈውን ሐዲስ ኢብን ማጀህ ዘግበዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት እናቶች ሙስሐፍ አስጽፈው ለመስጂድ ሲሰጡ የተመኙት ይህንኑ ነው።

የቀይረዋኗ ሞግዚት

ከሐፍሳ (ረ.ዐ.) ዘመን ወደ አራት መቶ ዓመት ገደማ ወደዚህ መጥተን ሰሜን አፍሪካን እንመልከት። ዛሬ በቱኒዚያ የምትገኘውን የቀይረዋንን ከተማ ያኔ የሚገዙት ዚሪዶች ነበሩ። አል-ሙዒዝ ኢብን ባዲስ በ406 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1016) አባቱን ተክቶ ሥልጣን ሲይዝ ዕድሜው ስምንት ዓመት ገደማ ነበርና አክስቱ ኡሙ መላል እንደራሴ ሆና አገሩን አስተዳደረች። በዚያ ቤተ መንግሥት የመሳፍንቱን ልጆች የምታሳድግ ፋጢማ የምትባል ሞግዚት ነበረች። ታሪክ ፋጢማ አል-ሓዲና፣ ማለትም ሞግዚቷ ፋጢማ፣ ብሎ ያውቃታል።

ይህች ሞግዚት በ410 ዓመተ ሂጅራ በረመዳን ወር (በ1019 ማብቂያና በ1020 መጀመሪያ እ.ኤ.አ.) አንድ ታላቅ ሙስሐፍ ለቀይረዋን ጃሚዕ መስጂድ ወቅፍ አደረገች። ሙስሐፉ የተጻፈው በብራና ላይ ነው። የአንዱ ቅጠል ቁመት ወደ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱም ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በአንድ ገጽ ላይ ያለው መስመር ግን 5 ብቻ ነው! ቁርአንን ከአል-ፋቲሓ እስከ አን-ናስ በአንድ ገጽ አምስት አምስት መስመር ብቻ እየጻፉ ለመጨረስ ስንት ሺህ ገጽ፣ ስንት የእንስሳ ቆዳ፣ ስንት ቀን ሥራ እንደሚጠይቅ አንባቢ ራሱ ያስላው።

የሙስሐፉ ማስታወሻ የሠራተኞቹንም ስም አቆይቶልናል። የጻፈው፣ የአናባቢ ምልክቶቹን ያደረገለት፣ በወርቅ ያስጌጠውና የደጎሰው ዐሊ ኢብን አሕመድ አል-ወራቅ ነው። ሥራው የተከናወነው ደግሞ በዱራ አል-ካቲባ፣ ማለትም በጸሐፊዋ ዱራ፣ ኃላፊነት ነው። ልብ እንበል፤ ገንዘቡን ያወጣችው ሴት ናት፤ ሥራውን የተቆጣጠረችውም መጻፍ ሙያዋ የሆነ ሌላ ሴት ናት። ያን ጊዜ ብዙ ነገሥታት ስማቸውን ያስቀሩት በግንብና በዘመቻ ነው። የሰው ልጅ በማሳደግ ሥራ የኖረች ሴት ስም ግን አላህ በቃሉ ቅጠሎች መካከል ጠብቆ አንድ ሺህ ዓመት አሻገረው።

ጌጡ ለምን አስፈለገ?

እዚህ ላይ አንዳንድ ወጣቶች፣ “ቁርአን የሚነበብ እንጂ የሚያጌጥ ነውን? ወርቁ ለድሆች ቢሰጥ አይሻልም ነበር?” ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከቀደምት ዑለማእ መካከል ሙስሐፍን በወርቅ ማስጌጥን የጠሉ ነበሩ፤ ቃሉን ለማክበር እስከሆነ ድረስ የፈቀዱም ነበሩ። ኢማም ማሊክ (ረሒመሁላህ) በዋናዎቹ ሙስሐፎች ላይ ነጥብና ምልክት መጨመርን ባይወዱም፣ ሕፃናት በሚማሩባቸው ላይ ግን ችግር አላዩበትም።

የኢማም ማሊክ አስተያየት ጌጡን በትክክል እንድናይ ይረዳናል። የድሮ ሙስሐፎችን ጌጥ ብንመረምር አብዛኛው አንባቢን የሚመራ ሆኖ እናገኘዋለን። በአንቀጾች መካከል ያለችው የወርቅ ክብ የአንቀጹን ማብቂያ ትነግራለች። በየአምስቱና በየአሥሩ አንቀጽ የሚመጣው ከፍ ያለ ምልክት ለቆጠራ ነው። በሱራ መጀመሪያ ላይ የተዘረጋው ሐረግ አዲስ ሱራ መጀመሩን ያበስራል። በኅዳጉ ላይ የሚታየው አበባ የሚመስል ጌጥ የጁዝእ መነሻን ወይም የሱጁድ ቦታን ያሳያል። ከፊደሉ በተለየ ቀለም የተደረጉት የአናባቢ ምልክቶች ደግሞ አንባቢው እንዳይሳሳት ይጠብቁታል። ስለዚህ ያን ወርቅ ያወጣች እናት በአንድ በኩል የአላህን ቃል አከበረች፤ በሌላ በኩል ለማታውቀው አንባቢ መንገዱን አበራችለት።

በሺራዝና በካይሮ

ከቀይረዋን ውጭም ተመሳሳይ ምሳሌዎች አሉ። በፋርስ አገር የሺራዝ ገዢ የአቡ ኢስሐቅ እናት ታሺ ኻቱን በ745 እና 746 ዓመተ ሂጅራ (ከ1344 እስከ 1346 እ.ኤ.አ.) በታወቀው ጸሐፊ በፒር የሕያ አስ-ሱፊ እጅ ባለ 30 ጁዝእ ሙስሐፍ አስጽፋለች። መንገደኛው ኢብን በጡጣ ሺራዝን በጎበኘ ጊዜ ይህች እናት ለሰኞ አጥቢያ በሆነው ሌሊት ቃዲዎች፣ ዑለማእና ሸሪፎች በተገኙበት ቁርአን የሚቀራበት መጅሊስ ላይ ትገኝ እንደነበር ጽፏል። በዚያው ሥፍራ መድረሳና ለመንገደኛ ምግብ የሚሰጥበት ዛዊያም አሠርታ ነበር። ሙስሐፉ ብቻውን አልተሰጠም ማለት ነው፤ አንባቢውም፣ የአንባቢው እራትም ታስቦበታል።

በካይሮም የመምሉኩ ሱልጣን የሻዕባን እናት ኸዋንድ በረካ በ770 ዓመተ ሂጅራ ገደማ (1368-69 እ.ኤ.አ.) ያሠራችው መድረሳ እስከ ዛሬ የሱልጣን ሻዕባን እናት መድረሳ እየተባለ ይጠራል። ለዚሁ መድረሳ ወቅፍ የሆኑት በወርቅ ያጌጡ ትላልቅ ሙስሐፎች በዘመኑ ከተሠሩት ምርጥ ሥራዎች መካከል ይቆጠራሉ። እዚህም የምናየው ያንኑ ነው፤ መጽሐፉ፣ አስተማሪውና ተማሪው አብረው ይሄዳሉ።

የእኛስ አገር?

ይህን ሁሉ ስናወራ ሐረርን ብንዘላት በደል ይሆናል። በጀጎል ግንብ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ቁርአን ሲጻፍ፣ ሲጌጥና ሲደጎስ ኖሯል። በ1162 ዓመተ ሂጅራ (1749 እ.ኤ.አ.) ሐረር ውስጥ የተጻፈ አንድ ያጌጠ ሙስሐፍ ዛሬ በውጭ አገር ኸሊሊ በሚባለው የታወቀ የእስልምና ጥበብ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። በከተማዋ በሸሪፍ ሙዚየምም በርካታ የእጅ ጽሑፎች ተሰብስበው ተቀምጠዋል። በብዙ የሐረር ሙስሐፎች ላይ ማን ለየትኛው መስጂድ ወይም ለማን ንባብ ወቅፍ እንዳደረገው የሚናገር ማስታወሻ ሰፍሮ ይገኛል። በነዚህ ማስታወሻዎች ውስጥ የሴቶች ስምም አለ።

ይህች ትንሽ ማስታወሻ እንግዲህ ተራ ጽሑፍ አይደለችም። የሟቿ ቃል ናት። ሙስሐፉ የማይሸጥ፣ የማይለወጥና የማይወረስ መሆኑን ከመቃብር ሆና የምትናገርበት አንደበቷ ናት። የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ይህን ስለሚያውቁ ማስታወሻው የሰፈረበትን ቅጠል መቅደድ ወይም ጽሑፉን መፋቅ በብዙ አገሮች የታየ ነገር ነው። የጌጡ ቅጠል ለብቻው ይሸጣል፤ የቀረው ይበተናል። የፋጢማ ሙስሐፍ ራሱ ዛሬ ከፊሉ ለቀይረዋን ቅርብ በሆነው በረቃዳ ሙዚየም ሲገኝ፣ ጥቂት ቅጠሎቹ ደግሞ ውቅያኖስ ተሻግረው በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛሉ። ለአንድ መስጂድ አንባቢዎች የተሰጠ ሙስሐፍ በመስታወት ውስጥ የሚታይ ቅጠል ሆነ።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከአያት የቆየ የእጅ ጽሑፍ ሙስሐፍ በቤታችን ካለ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠሎቹን ዐረብኛ ለሚያነብ ዓሊም እናሳይ። የወቅፍ ማስታወሻ ከተገኘበት የቤተሰቡ ንብረት እንዳልሆነ እንወቅ፤ በተባለለት ቦታ እንዲውል ከዑለማእ ጋር እንማከር። “ችግር ላይ ስለነበርኩ ሸጥኩት” የሚለው ምክንያት የሌላን ሰው ሰደቃ የራስ አያደርገውም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በሕግ የተከለከለ ነው።

ሁለተኛ፣ እናድሳለን ብለን አናበላሽ። የተቀደደውን ብራና ወይም ወረቀት በፕላስቲክ ማጣበቂያ አንለጥፍ፤ የኅዳጉን ዳር አንከርክም፤ በድሮው ስም ላይ በእስክሪብቶ አዲስ ስም አንጻፍበት። ከእርጥበት፣ ከፀሐይና ከምስጥ ጠብቀን ንጹሕ በሆነ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለን እናስቀምጠው።

ሦስተኛ፣ ዛሬ የምንሰጠው ሙስሐፍ አንባቢ እንዲያገኝ እናድርግ። በማስተምርበት መድረሳ በአንድ ወቅት ከተማሪዎቼ ጋር የመደርደሪያውን ሙስሐፎች አራግፈን ስናስተካክል የሽፋናቸውን ውስጥ አየን። “ለሟች እናቴ”፣ “ለልጄ ጤና” የሚሉ ጽሑፎች ነበሩባቸው፤ አብዛኞቹም በሴቶች የተሰጡ ናቸው። ብዙዎቹ ግን ገጻቸው ተጣብቆ አንድም ቀን ሳይገለጡ ከርመዋል። በአንጻሩ ከበስተጀርባ ባለችው የልጃገረዶች ክፍል ሦስት ተማሪዎች በአንድ የተገነጠለ ጁዝእ ላይ ተደፍተው ይቀሩ ነበር። ሰጪዎቹ ሴቶች፣ ያጡትም ሴቶች! ሙስሐፎቹን ወደዚያ ክፍል ለማሻገር የፈጀው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። የመስጂድ ኮሚቴዎችና ኡስታዞች ይህን በየአካባቢያቸው እንዲመለከቱ በአላህ ስም አደራ እላለሁ።

አራተኛ፣ እህቴ ሆይ፣ ኢስላም መህርሽንና ውርስሽን፣ ሠርተሽ ያገኘሽውንም ገንዘብ የራስሽ አድርጎታል። ወቅፍ ለማድረግ የቤተ መንግሥት ሰው መሆን አያስፈልግም። በወር ከምታስቀምጪው ትንሽ ገንዘብ ከጎረቤቶችሽ ጋር ዕቁብ እንደምትጥሉት ሁሉ ለቁርአንም ጣሉ። በጥራት የታተመ፣ ፊደሉ ጎላ ያለ ሙስሐፍ ለአዛውንቶች፤ በብሬል የተዘጋጀ ለዓይነ ስውራን፤ ለሴት ልጆች ቁርአን የምታስተምር ኡስታዛ ደመወዝ፤ ይህ ሁሉ የዘመናችን የወርቅ ጌጥ ነው። ስትሰጡም ሽፋኑ ውስጥ ለማን ንባብ እንደተሰጠ በግልጽ ጻፉበት። ስምን ማስፈር የኒያ ጉዳይ ነውና ለይዩልኝ እንዳይሆን እየተጠነቀቃችሁ፤ ዓላማውን ማስፈር ግን ሙስሐፉን ከመባከን ያድነዋል።

የቀይረዋኗ ሞግዚት ያሳደገቻቸው ልጆች ሁሉ አልፈዋል፤ ሥርወ መንግሥታቸውም ፈርሷል። ለአላህ ብላ የሰጠችው ግን እስካሁን ስሟን ያስጠራል፤ እሱ ዘንድ ያለው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ያለፉትን እናቶቻችንን ሰደቃ ይቀበል፤ እኛንም ከአማና ጠባቂዎች ያድርገን። አሚን!

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።