ወቅቱ የማን ነው?

ፈረንጆች ገናቸው ሲቃረብ ቡናቸውን በቀይ ወረቀት ያሽጉና «የገና ቅይጥ» ብለው ይሸጣሉ። በጋ ሲመጣ ሌላ ቅይጥ፣ ቅጠል ሲረግፍ ደግሞ ሌላ ይከተላል። ጠጪው ይወደዋል፤ ቢወደውም አይፈረድበትም። በዓመት አንዴ የሚመጣ ነገር ይናፍቃል። እኛስ ብንሆን የበዓል ቀን ቡና ከአዘቦቱ ይልቅ ይጣፍጠን የለ?

ቡና ማቀላቀል ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በሙያው አልጣላም። አንዱ መዓዛ ያመጣል፣ ሌላው ጉልበት ይሰጣል፤ የአንዱ አገር ምርት ቢያንስ የሌላው ይተካል። ጠቤ የወቅቱን ስም በትልቁ ጽፎ የአብቃዩን አገር ከሚውጠው ልማድ ጋር ነው።

የቡና ወቅት ያለው ዲላ ዙሪያ፣ ወናጎ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ኮቸሬና ገደብ ነው። የጌዴኦ ገበሬ ከእንሰቱ ጎን በዛፍ ጥላ ሥር ያበቀለውን ቡና ከጥቅምት ጀምሮ ቀይ ቀዩን እየመረጠ በእጁ ይለቅማል። አንድ ኪሎ ያለቀለት ቡና ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይፈጃል። እሸቱ ካደረ ይበላሻልና በዕለቱ መፈልፈያ መድረስ አለበት። የትምህርት ቤቱ፣ የሐኪሙ፣ የክረምቱ ወጪ የሚጠብቀው እነዚያን ጥቂት ወራት ነው። ወቅት ማለት ይህ ነው።

«ስም ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ስም ዋጋ ነው! መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ይርጋ ጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ማመልከቱ፣ ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ውዝግብም በ1999 በስምምነት እስኪቋጭ መታገሉ ለምን ነበር?

እኛም ንጹሓን አይደለንም። በ2001 ዓ.ም. ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ይደባለቅ ስለነበር፣ ገዢው ከየትኛው መፈልፈያ እንደመጣ ማወቅ ተሳነው። በቀጥታ እንዲሸጡ የተፈቀደላቸው የገበሬ ማኅበራት ባይኖሩ ኖሮ የብዙው ቀበሌ ስም በጆንያ ውስጥ በቀረ ነበር። ሕጉ የተሻሻለው በ2009 ዓ.ም. ነው።

መስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። መሬቱ በስሙ ከተመዘገበ ፍሬው ስሙን የሚያጣበት ምክንያት ምንድን ነው?

እንግዲህ ቀላቃዩ ይቀላቅል። ግን ከየት ወረዳ እንደመጣና መቼ እንደተለቀመ ይጻፍበት። እኛ የከተማ ጠጪዎችም የተቆላ ቡና ስንገዛ ይህንኑ እንጠይቅ። ካልጠየቅን የሚጽፍልን የለም።