ሃይማኖት የሚገሥጸው ማንን ነው?

ፍትሐ ነገሥት በአገራችን ባልና ሚስትንም ንጉሥንም ለዘመናት የዳኘ መጽሐፍ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ 51 አንቀጾች አሉት። 24ኛው ስለ ጋብቻ፣ 44ኛው ስለ ነገሥታት ይናገራል። ሁለቱ በአንድ ጥራዝ መጠረዛቸው ትልቅ ነገር ያስተምረናል። ሃይማኖት ጎጆንም ቤተ መንግሥትንም በአንድ ዓይን ያያል፤ በሁለቱም ቤት ሰው በሰው ላይ ሥልጣን ያገኛልና፣ በሁለቱም ቤት ሥልጣን ልክ ሊበጅለት ይገባል።

የኖርንበት ልማድ ግን ከዚህ ርቋል። ሃይማኖትን ለረጅም ዘመን የተጠቀምንበት ሥልጣን የሌለውን ዝም ለማሰኘት ነው። ሚስትን «ቻይው»፣ ሕዝብን «ታገሥ» እያልን ኖርን። ሁለቱ ምክሮች ከአንድ አፍ ይወጡ ስለነበር እርስ በርሳቸው ተደጋገፉ። ቤቱ ውስጥ ጥያቄ እንደ ድፍረት ሲቆጠር ያየ ልጅ አድጎ መሪውን ለመጠየቅ ይፈራል፤ ራሱ የሥልጣን ወንበር ላይ ሲቀመጥም መጠየቅን እንደ ስድብ ይቆጥራል። ስለዚህ የምንመኘው ተጠያቂ መሪ ከምርጫ ሣጥን ብቻ አይወጣም። ከጓዳችን መጀመር አለበት፤ ለዚህም ሃይማኖት ተግሣጹን ወደ ባለሥልጣኑ ማዞር ይኖርበታል፣ ባለሥልጣኑ አባወራም ይሁን የአገር መሪ።

ይህ የጎጆና የቤተ መንግሥት ዝምድና በሕጋችን ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን ቅዱስ፣ ክብራቸውንም የማይደፈር አድርጎ ደነገገ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአበው ብሂል በሕግ ቋንቋ ተጻፈ ማለት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የወጣው የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ ራስ አደረገ፤ ሚስትም ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ትእዛዙን እንድትፈጽም ግዴታ ጣለባት። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ ምሁር ነበሩ፤ ሆኖም አንቀጹ ለአገሬው እንግዳ አልሆነበትም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እያለ ላደገ ማኅበረሰብ የሚያውቀው ነገር ነበር የተጻፈለት። አንዱ ሕግ ቤተ መንግሥቱን፣ ሌላው ጎጆውን ከጥያቄ ከለለ።

የገዢዎቻችን የራሳቸው ትዳር ይህን ነገር አጉልቶ ያሳያል። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. አንኮበር መድኃኔዓለም በቁርባን ሲጋቡ፣ ነገሩ ፖለቲካም ነበረበት፤ የጣይቱ ዘመዶች የሰሜን ትልልቅ መሳፍንት ነበሩ። ነገር ግን ጣይቱ ወደዚያ ትዳር የገቡት በሳል ሴት ሆነው፣ የራሳቸውን ሐሳብና አንደበት ይዘው ነው። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በጣሊያንኛው ቅጂ አገሪቱን የጣሊያን ጥገኛ እንደሚያደርግ ሲታወቅ፣ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በጽኑ ከተቃወሙት መካከል ግንባር ቀደሟ እቴጌዪቱ ነበሩ። በመቀሌው ከበባ የጠላትን የውኃ ምንጭ የማስያዙ ምክርም የእሳቸው እንደሆነ ታሪክ ያስታውሳል። ንጉሡ «አይሆንም» የምትል ሚስት ስለነበራቸው አልተዋረዱም፤ አገርም ተጠቀመች።

ከዚህ ጋር የልዕልት ዘነበወርቅን ዕጣ አስተያዩት። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ናት። ገና በዐሥራዎቹ መጀመሪያ ዕድሜዋ፣ በ1924 ዓ.ም.፣ የአፄ ዮሐንስ ዘር ለሆነው ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ተዳረች። የጋብቻው ዓላማ ትግራይንና ሸዋን በሥጋ ዝምድና ማስተሳሰር ነበር። ልጅቱ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ከዚያም በ1928 መግቢያ ጣሊያን ሲወርር፣ አማቹ ደጃዝማች ከድቶ ለጠላት ገባ። ካህናት የባረኩት፣ መኳንንት ያጨበጨቡለት ትዳር የታሰበለትን አንድ ቀን እንኳ አልዋለም። ዛሬ በአዲስ አበባ «ዘነበወርቅ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ሰፈሩንና የታክሲ ፌርማታውን ነው፤ ስሙ የማን እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ፈቃዷ ያልተጠየቀ ልጅ ለአገር አንድነት ዋስ ልትሆን አትችልም። በጉልበት የተሳሰረ አገርም እንዲሁ ነው።

በታላላቆቹ ቤት የታየው በእኛም ሠፈር አለ። ከጥቂት ጊዜ በፊት የአንድ ባልና ሚስት እርቅ ላይ ተገኝቼ ነበር። ባልየው የጋራ ቤታቸውን ካርታ ባንክ አስይዞ ለንግድ ተበድሯል። ሚስቱን አስፈርሟታል፤ ምን እንደምትፈርም ግን አልነገራትም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሣራ አብርሃምን «ጌታዬ» ትለው እንደነበር አስታወሷት፤ ቀጥለውም «ልጄ፣ ትዳር መቻል ነው» አሏት። እሷም አንገቷን ደፍታ፣ «አባቴ፣ እኔ እኮ አልቻልኩም አላልኩም። ስንት እንደተበደረ ይንገረኝ ነው ያልኩት» ብላ መለሰች። ቤቱ ዝም አለ። ባልየው ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሏል። እስከዚያች ሰዓት አንድ ቃል ያልተናገሩት የንስሐ አባታቸው መስቀላቸውን ከደረታቸው ወደ ጉልበታቸው አወረዱና፣ «የጠየቀችህን መልስላት እንጂ፤ እኛ የመጣነው ለዚሁ አይደል?» አሉት። ባልየው ገንዘቡን ተናገረ። እውነተኛው እርቅ የተጀመረው ያኔ ነው።

የዚያች ሴት ጥያቄ የዜጋም ጥያቄ ነው። አገር ስንት ተበደረች? ለምን ዋለ? ልጆቻችን የሚዘምቱት ለምንድን ነው? የሞቱትስ ስንት ናቸው? እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ከአንዳንድ መድረክ የሚያገኘው መልስ ሽማግሌው ለሴትየዋ የሰጡት መልስ ነው፦ ሥልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው፤ ታገሥ፣ ጸልይ፣ የቤትን ገመና ለባዕድ አታውጣ። ትዕግሥትና ጸሎት ታላላቅ ምግባራት መሆናቸውን አምናለሁ። ሆኖም አስተዋይ መካሪ እነዚህን ቃላት ለተበዳዩ ከመናገሩ በፊት በዳዩን ማነጋገር አለበት።

ቅዱሳት መጻሕፍትም የሚያሳዩት ይህንኑ ሥርዓት ነው። ዳዊት በንግሥናው ተመክቶ የኦርዮን ሚስት ቤርሳቤህን ሲወስድ፣ ባሏንም ጦር ሜዳ ላይ ሲያስገድል፣ ነቢዩ ናታን የሄደው ወደ ንጉሡ ነው። ቤርሳቤህን «ቻይ» አላላትም፤ የኦርዮንም ዘመዶች «ታገሡ» አላላቸውም። ምእመናን በየዕለቱ የሚደግሙት 50ኛው መዝሙር የዚያ ተግሣጽ ፍሬ ነው። ኦሪት ዘዳግም በ17ኛው ምዕራፍ ንጉሥ ፈረስን፣ ሚስትን፣ ወርቅና ብርን እንዳያበዛ ይከለክላል፤ ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራም የሕጉን ቅጂ ጽፎ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያነብ ያዛል። ቅዱስ ቁርኣን ደግሞ የምእመናን የጋራ ጉዳይ በመመካከር እንዲሆን ሲያመለክት፣ ሕፃንን ጡት ማስጣልን የመሰለ የጓዳ ነገርም በባልና ሚስት ስምምነትና ምክክር እንዲፈጸም ያስተምራል። የሕዝብ ጉዳይና የሕፃን ጡት በአንድ መርሕ ይዳኛሉ። ኒካህ ላይ የሚነገረው መህርም የሙሽራዪቱ የራሷ ንብረት ነው፤ አባቷም ሆነ ባሏ ያለ ፈቃዷ ሊነኩባት አይገባም።

«እንዲህ ከሆነ ሃይማኖት ከትዳርም ከፖለቲካም ወጥቶ በየሰው ልብ ይቀመጥ» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሥጋታቸው ይገባኛል፤ መፍትሔያቸውን ግን ታሪካችን አይደግፈውም። ደርግ መንግሥትንና ሃይማኖትን ለየ፤ ከዚያም ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ዐሥር ዓመት ገደማ በእስር ማቀቁ። ሃይማኖትን ከአደባባይ ያባረረ ሥልጣን ገሣጭ አጣ እንጂ ገር አልሆነም። አቡነ ጴጥሮስም በሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የተደበደቡት የወራሪውን የጣሊያንን ገዢነት አልባርክም በማለታቸው ነው። ሃይማኖት ለአገር የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ይህ ነው፤ በጉልበተኛ ፊት ቆሞ «አይደለም» የሚል ሰው።

ድንበሩ ግን መጠበቅ አለበት። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በሀገር ቤትና በስደት ተለያይተው የነበሩት ሁለቱ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶሶች በዋሽንግተን ሲታረቁ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሽምግልናው ተሳትፈዋል፤ ብዙ ምእመን በደስታ አልቅሷል፣ ሊያለቅስም ይገባው ነበር። በጥር 2015 በተነሣው ቀውስ ደግሞ ቅዱስ ሲኖዶስ መንግሥት በቤተ ክርስቲያኒቱ የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ ገብቷል ሲል በይፋ ከሰሰ። በአምስት ዓመት ውስጥ የሆኑት እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ምክር ይሰጡናል። በቤተ መንግሥት ደጅ የሚታረቅ የሃይማኖት አባት፣ ቤተ መንግሥቱን የሚገሥጽበት ቀን ሲመጣ ድምፁ ይከብደዋል።

ሕጉ ከልማዳችን ቀድሞ ሄዷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖትን በአንቀጽ 11 ለየ፤ በአንቀጽ 34 ደግሞ ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መሆናቸውን ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች በብርቱ ከታገሉ በኋላ የወጣው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የባልን ራስነት ሽሮ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ፤ የጋራ ቤትም ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥና እንዳይያዝ ከለከለ። ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከክስ ያመልጥበት የነበረውን የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቀዳዳም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደፈነው። ያ ቀዳዳ ክፍት ሳለ ስንት በደል በሽማግሌ አማካይነት «ጋብቻ» ተብሎ እንደተሸፈነ የገጠር እናቶች ያውቁታል። ሕጉ ተለወጠ፤ የሽምግልናችን አነጋገር ግን ዛሬም ብዙ ቦታ በ1952ቱ ሕግ ላይ እንደቆመ ነው።

ሽማግሌ፣ ቄስ፣ ሼኽ፣ ፓስተር ሆናችሁ በሰው ቤት የምትቀመጡ ወገኖቼ፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ጥንዶችን ስታስታርቁ መጀመሪያ የገንዘቡ ቁልፍና የውሳኔው ሥልጣን በእጁ ያለውን ጠይቁ፤ ሳይመልስ ለሌላዪቱ ትዕግሥት አትስበኩ። ስለ መሪዎች ስትጸልዩ ደግሞ ጥያቄያችሁንም አቅርቡላቸው። እኛም መሪ ስንመዝን በየበዓሉ ከየትኛው ቤተ እምነት ፊት ፎቶ እንደተነሣ አንቁጠር። በቅርቡ ካሉት ሰዎች መካከል «ይህ ልክ አይደለም» ብሎት በቦታው የቆየ አለ ወይ ብለን እንጠይቅ። ማንም የማይገሥጸው ሰው ቤትም አገርም ሊመራ አይገባውም።