ለአንዲት ትንሽ ወፍ ሁለት ሳምንት

የውጭ አገር ዕረፍት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ዱባይን፣ የባሕር ዳርቻን ወይም የገበያ ማዕከልን ነው። የዚህ ወር ጽሑፌ ግን ሌሊቱ ስለሚበርድ፣ መንገዱ ስለሚጠብ፣ ኔትወርኩ ስለሚጠፋና አልቅት ስለሚበዛበት ቦታ ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ ከቡታንና ከቻይና ጋር በሚዋሰነው የአሩናቻል ፕራዴሽ ግዛት ስለሚገኙት የሂማልያ ደኖች። ወደዚያ የሚኬደው ወፍ ለማየት ነው።

«ወፍ ለማየት ያን ሁሉ መንገድ?» ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ ባለቤቴም መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። ሐሳቡ የአባቴ ነው። አባዬ ለ34 ዓመታት የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ባይኖኩላራቸውን አንግተው እንጦጦ ይወጣሉ፤ ያዩትን ወፍ ሁሉ በደብተር ይመዘግባሉ። ዘንድሮ 70 ዓመት ሞላቸው። እኔ ደግሞ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና ዕቅድ ማውጣት እንጀራዬ ነው። ያለፉትን ወራት ከእሳቸው ጋር ስናወጣ ስናወርድ ያገኘሁትን ዛሬ ላካፍላችሁ።

ለምን እዚያ?

የዕቅዳችን እምብርት ኢግልኔስት የተባለው የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ተከለለ። ስፋቱ ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ትልቅ የሚያደርገው ቁመቱ ነው። ከ500 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,250 ሜትር ይደርሳል። ከአዋሽ ቆላ ተነስቶ እንጦጦ ጫፍ እንደመድረስ ማለት ነው፤ ልዩነቱ መንገዱ በሙሉ ደን መሆኑ ነው። በየጥቂት መቶ ሜትሩ ዛፉ ይለወጣል፤ ዛፉ ሲለወጥ ወፉም ይለወጣል። አንድ ተመልካች በአንድ መንገድ ላይ ቀስ እያለ ቢወርድ የብዙ አገር ያህል ወፍ የሚያየው ለዚህ ነው።

ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ በአካባቢው ሰፍሮ ከነበረው «ቀይ ንስር» ከተባለው የህንድ ክፍለ ጦር የመጣ ነው። ይህ 4ኛው የህንድ እግረኛ ክፍለ ጦር እ.ኤ.አ. በ1941 በከረን ተራሮች ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር የተዋጋው፣ አገራችን ከወረራ ነፃ በወጣችበት ዘመቻ የተሳተፈው ነው። አባዬ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ባለዕዳ ሆነን ነው የምንሄደው» አሉ።

በላባ የተመዘገበችው ወፍ

አባዬን ወደዚያ የሳበቻቸው አንዲት ወፍ ናት። ቡጉን ሊዮሲክላ ትባላለች። አናቷ ጥቁር፣ ገላዋ ወይራማ ግራጫ፣ ክንፏ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጣል ጣል ያለበት ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቃት ራማና አትሬያ የተባለ ህንዳዊ ነው፤ ሙያው ደግሞ የከዋክብት ምርምር እንጂ የወፍ ጥናት አይደለም። መጀመሪያ በጨረፍታ ያያት በ1995 ሲሆን፣ አዲስ ዝርያ መሆኗን ያሳወቀው ከ11 ዓመት በኋላ በ2006 ነው።

አዲስ ዝርያ ሲገኝ የተለመደው ወፏን ገድሎ በቤተ መዘክር ማስቀመጥ ነበር። በወቅቱ የታዩት ግን 14 ገደማ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ አትሬያ በመረብ የያዛትን ወፍ ፎቶ አንስቶ፣ ለካ፣ የወደቁ ጥቂት ላባዎቿን ወስዶ ለቀቃት። ስሟንም የደኑ ባለቤት ለሆኑት ለቡጉን ሕዝብ ሰጠ። ዛሬም በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉ ወፎች አንዷ ናት። የሲንግቹንግ መንደር ቡጉኖች በ2017 17 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚሆነው የራሳቸው ደን ላይ ለእሷ ጥብቅ ስፍራ ከልለዋል። አዳኝ የነበሩ ወጣቶች አሁን አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና ጠባቂ ሆነው ይሠራሉ።

በሥራዬ ስም ለአንድ ምርት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። የመንደር ስም የያዘች ወፍ ግን የማንም ምርት አይደለችም፤ የመንደሩ ልጅ ናት። ልጅህን ደግሞ አትሸጥም፣ አታስገድልም።

ፈቃድ፣ ክትባት፣ ወቅት

ቦታው የድንበር አካባቢ ነው። ህንድና ቻይና በ1962 የተዋጉበት፣ ዛሬም የይገባኛል ጥያቄ ያልተዘጋበት ነው። ስለዚህ የህንድ ቪዛ ብቻውን አይበቃም። የውጭ ዜጋ «የተከለለ አካባቢ ፈቃድ» የሚባል ተጨማሪ ወረቀት ያስፈልገዋል። ይህም በተለመደው አሠራር በተመዘገበ አስጎብኚ ድርጅት በኩል፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተጓዦች ይሰጣል። ስለዚህ ብቻዬን እሄዳለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ ጓደኛ ይፈልግ። የምታድሩባቸው ቦታዎች በሙሉ በፈቃዱ ውስጥ መካተታቸውን ሳታረጋግጡ የአውሮፕላን ቲኬት አትቁረጡ። የፈቃዱንና የፓስፖርቱን ኮፒ ደጋግማችሁ አትሙ፤ በየኬላው ይጠየቃል።

ከኢትዮጵያ ወደ ህንድ ለሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ ካርድ የሌለው ተጓዥ እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። ከሁለት ሳምንት ላይ 6 ቀን ማጣት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከተራራው ሥር ባለው የአሳም ሜዳ ወባ ስላለ በዚያ ላይም ሐኪም አማክሩ።

ወቅቱ ሚያዝያና ግንቦት ቢሆን ይመረጣል። ወፎቹ የሚዘምሩትና ጥንድ የሚሆኑት ያኔ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ከባድ ነው፤ መሬት ይንሸራተታል፣ መንገድ ይዘጋል፣ አልቅቱም ይበዛል።

ቀናቱን እንዴት ከፋፈልናቸው?

ከአዲስ አበባ ዴልሂ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ይበራል። ከዴልሂ ጉዋሃቲ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሌላ በረራ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው የመኪና መንገድ ነው። የእኛ ዕቅድ ጉዋሃቲ 1 ሌሊት፣ ፓኬ 2፣ ላማ ካምፕ 4፣ ቦምፑ 4፣ ለመጠባበቂያ 2 የሚል ነው።

ላማ ካምፕ 2,350 ሜትር ላይ ነው፤ የአዲስ አበባን ያህል። ስለዚህ የእኛ ሰው ከፍታው አይከብደውም። ቡጉን ሊዮሲክላ የምትፈለገው በዚህ አካባቢ ነው። ቦምፑ ዝቅ ብሎ 1,940 ሜትር ላይ ይገኛል። ማደሪያው ድንኳን ነው፤ ቅንጦት አትጠብቁ። በሚያዝያ በአካባቢው ሰዓት ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ብርሃን ስለሚሆን፣ አልጋ የሚገባው በጊዜ ነው። የደን ዝሆኖችም በዚያው መንገድ ይመላለሳሉና ያለ አስጎብኚ አንድ እርምጃም አይኬድም።

ሁለቱ የመጠባበቂያ ቀናት ለብዙ ሰው ብክነት ይመስላሉ። እኔ ግን በዕቅዱ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የማከብራቸው እነሱን ነው። ጉም ሲወርድ ሙሉ ቀን ምንም ላይታይ ይችላል። በየማደሪያው አንዳንድ ቀን ብቻ የያዘ ሰው ጉሙን አይቶ ይመለሳል።

በዝርዝሩ ላይ የነበረ አንድ ቦታ ሰርዘናል። ሴላ ማለፊያ 4,170 ሜትር ነው፤ ከራስ ደጀን የሚያንሰው በጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ነው። ሰማያዊው ግራንዳላ የሚገኘው በእንዲህ ያለ ከፍታ ነው። የአባዬ ሐኪም ግን ሐሳቡን አልወደዱትም። አባዬ ለሁለት ቀን ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ደብተራቸውን አውጥተው «ግራንዳላ» የሚለውን ስም በራሳቸው እስክሪብቶ ሰረዙት።

ከዕቃ ባይኖኩላር 8 በ42 የሚባለው ዓይነት ለደን ይስማማል፤ ጨለምለም ባለ ቦታ ብርሃን በደንብ ያስገባል። ረጅም የአልቅት መከላከያ ካልሲ፣ ወፍራም ሹራብ፣ የዝናብ ልብስና ፓወር ባንክ አትርሱ። ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ እቤት ይቅር።

ልጆችስ?

ልጃችን 6 ዓመቷ ነው፤ ወደ ኢግልኔስት አትሄድም። ጠመዝማዛ መንገድ፣ ድንኳን፣ ሰዓታት የሚፈጅ ዝምታና ከጤና ጣቢያ መራቅ ለትንሽ ልጅ አይሆንም። ቤተሰብ ይዞ መሄድ የሚፈልግ ግን በዚያው አካባቢ አማራጭ አለው። በአሳም የሚገኘው ካዚራንጋ ብሔራዊ ፓርክ ባለ አንድ ቀንዱ አውራሪስ ከየትም ዓለም በላይ በብዛት የሚኖርበት ነው። መሬቱ ሜዳ ነው፣ ጉብኝቱ በጂፕ ነው፣ የድንበሩ ፈቃድም አይጠየቅም።

ለልጆች ሊነገር የሚገባ ሌላም ታሪክ በአሳም አለ። የሐዋሳው አባ ኮዳ ሀርጊላ የሚባል የቅርብ ዘመድ እዚያ አለው። መላጣና ቆሻሻ ላይ የሚለቅም በመሆኑ እንደ መጥፎ ገድ ይቆጠር ነበር፤ ጎጆ የሚሠራባቸውን ዛፎችም ሰዎች ይቆርጡ ነበር። ፑርኒማ ዴቪ ባርማን የተባሉ የሥነ ሕይወት ባለሙያ የመንደር ሴቶችን አሰባስበው፣ ወፏ ስትታቀፍ ለነፍሰ ጡር እንደሚደረገው ዓይነት ድግስ አዘጋጁላት። ሴቶቹም ምስሏን በሚሸምኑት ልብስ ላይ ማውጣት ጀመሩ። ወይዘሮዋ በ2022 የተባበሩት መንግሥታት ትልቁን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተቀብለዋል። ስም የማደስ ሥራ ሲነሳ እኔ የማስበው የእሳቸውን ነው።

ገንዘቡ ወዴት ይሂድ?

ሁለት ሌሊት የያዝንለት ፓኬ የሆርንቢሎች አገር ነው። የሩቅ ዘመዶቻቸውን ወንዶ ገነት ያየ ሰው ግዙፉን ምንቃራቸውን ያስታውሳል። ሴቷ በዛፍ ጉድጓድ ገብታ በሩን ትደፍነዋለች፤ በጠባብ ቀዳዳ ለወራት የሚመግባት ወንዱ ነው። እሱ ከተገደለ የሚጠፋው ቤተሰቡ ነው። በአካባቢው የሚኖሩት የኒሺ ሕዝብ ወንዶች ባህላዊ ቆባቸውን በሆርንቢል ምንቃር ያስጌጡ ነበር። ዛሬ ከፋይበር ግላስ የተሠራ ምንቃር ይጠቀማሉ። የጎጆዎቹ ጠባቂዎችም የዚያው መንደር ሰዎች ናቸው፤ ደመወዛቸው የሚመጣው አንድ ጎጆ በማደጎ ከሚይዙ የሩቅ ሰዎች ጭምር ነው።

ስለዚህ አስጎብኚ ድርጅት ስትመርጡ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ካምፑ የማን ነው? አስጎብኚው የመንደሩ ልጅ ነው ወይ? ከምንከፍለው ለመንደሩ የሚደርሰው ምን ያህል ነው? አጥጋቢ መልስ የሌለው ርካሽ ዋጋ ለእናንተ ርካሽ ነው እንጂ ለወፏ ውድ ነው።

የእኛ ቤት ክርክር ግን ከዚህ ይቀድማል። ገንዘቡ ለቤት ክፍያ ከምናጠራቅመው የሚነሳ ነው። ባለቤቴ ሁለት ዓመት እንድንጠብቅ ፈለገ። አባዬም «ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ ገንዘብሽን አታባክኚ፤ ወፍ እንደሆነ እዚህም ሞልቷል» አሉኝ። ሒሳቡን በወረቀት አስቀመጥነው። ጉዞው የቤቱን ክፍያ በአንድ ዓመት ያዘገየዋል። አንድ ዓመት ደግሞ እንችለዋለን። ባለቤቴ ወረቀቱን አይቶ «ቤቱ ይጠብቃል፤ የጋሼ ጉልበት ግን አይጠብቅም» አለ። ለሚመጣው ሚያዝያ ተስማማን።

ወፏ ላትታይ እንደምትችል አባዬ ያውቃሉ። «ባናያትም ቤቷን አይተን፣ ጠባቂዎቿን አመስግነን እንመጣለን» ይላሉ። እናንተም ለዕረፍት ስታቅዱ፣ ከምታዩት ነገር በፊት ማን እንደሚጠብቀውና አብሯችሁ የሚያየው ማን እንደሆነ አስቡ። የቤተሰባችሁ ሽማግሌ በልቡ የያዘው አንድ ቦታ ካለም ዛሬ ማታ ጠይቁት።