ስለ ኮድ ሥርዐትና ስለ ኅዳግ ማስታወሻ

ጳውሎስ ሆስፒታልና ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ፓስተር እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚገኙበት በጉለሌ፣ የሕሙማን ቍጥር ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር መሻገር ከጀመረ ወዲህ፣ ከሐኪሙም ከታማሚውም የተሰወረ አንድ ክርክር በፕሮግራመሮች ዘንድ ይነሣል፤ ይኸውም ብዙ እጅ ያረፈበት የጋራ ኮድ ወደ አዲስ የቋንቋ ስታንዳርድ እንዴት ይሻገር፣ በኮዱ መካከል ለአንባቢ የሚተወው ማብራሪያ፣ እነርሱ ኮመንት የሚሉት፣ በምን ሥርዐት ይጻፍ የሚል ነው። የእኔ አሳብ ስታንዳርዱ ይታደስ፣ የቀደሙት ሰዎች ማብራሪያ ግን በጅምላ አይነካ የሚል ነው።

መታደሱ የጌጥ ነገር አለመሆኑን የሊኑክስ ታሪክ ያስረዳል። ይህ የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ እነርሱ ከርነል የሚሉት፣ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር እስከ 2022 ድረስ የሚጻፈው በ1989ኙ የሲ ቋንቋ ስታንዳርድ ላይ ተመሥርቶ ነበር፤ በዚያ ሥርዐት የሉፕ ቈጣሪ ከሉፑ አስቀድሞ ስለሚሰየም፣ ሉፑ ካበቃ በኋላም አይሞትም፣ ሳያስተውል መልሶ የሚጠቀምበት ፕሮግራመርም ከዝርዝሩ ዳርቻ አልፎ የማይገባውን የሜሞሪ ስፍራ ይነካል። አደጋው በዚያ ዓመት መጀመሪያ በጕልህ በተነሣ ጊዜ፣ የከርነሉ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ቈጣሪው በሉፑ ውስጥ ተወልዶ በዚያው እንዲያልፍ የሚፈቅደውን ሥርዐት ተቀበለ፤ በግንቦት የወጣው 5.18 እትምም ወደ 2011ዱ ስታንዳርድ ተሻገረ። ስለ ኮመንት ግን እነዚሁ ሰዎች እንዲህ አልቸኰሉም፤ የፈቃድ ምልክት በየፋይሉ ራስጌ ይጻፍ በተባለ ጊዜ፣ በሲ ፋይሎች በሁለት እዝባር የሚጀምረው አጻጻፍ ሲፈቀድ፣ በሄደር ፋይሎች በእዝባርና በኮከብ ተከፍቶ የሚዘጋው አሮጌው ጸና፤ ሄደሮቹን ከሚያነቡት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ አዲሱን አያውቁትም ነበርና። ወጥነትን ለሚያመልክ ሰው ይህ ዝብርቅርቅ ነው፤ እኔ ግን አስተዋይነት እለዋለሁ።

ወደ አገራችን ልመለስ። የዘመን አቈጣጠራችንን የሚያሰላ ኮድ ጳጉሜን 6 ቀን የሚያደርገው የዓመተ ምሕረቱ ቍጥር ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን ቢያይ 5500ው ወዴት ሄደ ብሎ ይጠይቃል፤ የዓመቱ ወንጌላዊ የሚታወቀው 5500 በዓመተ ምሕረቱ ላይ ተደምሮ ከሚገኘው ከዓመተ ዓለሙ ነውና። መልሱ፣ 5500 ለ4 ያለ ትርፍ ስለሚካፈል ቢደመር ውጤቱን አይለውጥም፣ 3 የሚተርፍበትም ዘመነ ሉቃስ ነው የሚል ነው፤ ነገር ግን የጻፈው ሰው በኅዳጉ ካልተወው በቀር ከኮዱ ማንም አያነበውም። አሁን አንድ ትጉህ ወጣት ተነሥቶ የሺህ ፋይሎችን ኮመንት በአንድ ሌሊት ወደ አዲስ አጻጻፍ ቢለውጥ፣ ቃሉ ባይጠፋ እንኳ የኮዱ ለውጥ ሁሉ በሚመዘገብበት በጊት የመስመሩ ጸሐፊ እርሱ ሆኖ ይታያል፣ ምክንያቱን ፈልጎ የሚጠይቅም ሰው ነገሩን ወደማያውቀው ይላካል። ጊት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ከ2019 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ለውጥ ዘልሎ የሚያሳይበት ብልሃት እንዳለው አይጠፋኝም፤ ብልሃቱን በየማሽኑ የሚያሰናዳው ግን ስንቱ ነው? የአንድምታ መምህራን የቀደመውን ትርጓሜ ሳይፍቁ አንድም እያሉ የራሳቸውን ሲጨምሩ የኖሩት በከንቱ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የድካሙ አከፋፈል ነው። አገራችን የጤና መረጃ የምትሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት በጃቫ የሚጻፍ፣ የኢትዮጵያንም አቈጣጠር የሚያውቅ የጋራ ኮድ ነው፤ እትም 41 ጃቫ 17ን ግድ ባደረገ ጊዜ፣ ሥራ የቀለለለት በኦስሎ የተቀመጠው ጸሐፊ ሲሆን፣ ሰርቨሩን የሚያሰናዳው፣ ለአገሩ ብሎ የጨመረውን ኮድ እንደገና የሚፈትነውና መብራት ሳይጠፋ ሌሊቱን የሚሻገረው የዚህ አገር ባለሙያ ነው። ስለዚህ ስታንዳርድ የሚለውጥ ማኅበር ቀኑን አስቀድሞ ያስታውቅ፣ ለአሮጌውም እትም የደኅንነት እርማት መስጠቱን ቶሎ አያቋርጥ። ለኮመንት ደግሞ በጋራው ደንብ አንድ አንቀጽ ይበቃል፦ በአዲስ ፋይል በአዲሱ ሥርዐት፣ በአሮጌ ፋይል በፋይሉ ልማድ ይጻፍ፤ አጻጻፍን ብቻ የሚያርም ለውጥም ከሌላ ሥራ ጋር ተቀላቅሎ አይግባ።